ጋሽ ቀስ በሉና በእህታቸው ዛፍ ላይ ያረፉት ንቦች

ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ቀስ በሉ በቤታቸው ሲያርፉ ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው በአልጋቸው ዙሪያ ነበሩ። መስኮቱ እንዲከፈትላቸው ጠይቀው ነበር፤ ተከፍቶላቸዋል።

ጋሽ ቀስ በሉ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእሳቸው በኋላ የተወለዱት አንዲት እህታቸው ብቻ ናቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ገቡ። መጀመሪያ የሠሩት ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ስለነበር፣ አሠሪያቸው ለሦስት ወር እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን እንዲበሉ ፈረዱባቸው። ከዚያ ወዲህ የሠሩት ነገር ሲነቃነቅ አልታየም። «ቀስ በሉ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። መጋዝ ለያዘም፣ ትኩስ ሻይ ለሚጠጣም ምክራቸው ያው ነበርና።

በ1966 ዓ.ም. ወንበር ሊያሠሩ ከመጡ መምህርት ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ወንበሩ እስኪያልቅ አምስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ሆን ተብሎ መሆኑ የገባቸው ከሠርጉ በኋላ ነው። ጋሽ ቀስ በሉ በ2001 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ዴስኮች ሲሠሩ ኖሩ።

የጎበጠ ጣውላ ቀለም ተቀብቶ ሲሸጥ ይቆጡ ስለነበር፣ በታሪካቸው ውስጥ የጎበጠውንም ሳንናገር ብናልፍ እሳቸው አይወዱም። እናታቸው በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉ ጋሽ ቀስ በሉ የወላጆቻቸውን ግቢ ለሁለት ከፍለው አጥር አጠሩ። የውሃ ቧንቧውን ግን በራሳቸው በኩል አስቀሩት። እህታቸው የራሳቸውን መስመር እስኪያስገቡ ሁለት ወር ሙሉ ከጎረቤት ውሃ ቀዱ። ከዚያ በኋላ ወንድምና እህት በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እየኖሩ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ሽማግሌዎች ቢለምኑም አልሆነም።

ጋሽ ቀስ በሉ ከጡረታ በኋላ ንብ ማርባት አማራቸው። በ2006 ዓ.ም. ቀፎ ሠርተው በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፤ እንደ ቁም ሣጥንም ውስጡን ሳይቀር ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ንብ አልገባበትም። ጎረቤቶች «ጋሽዬ፣ ይሄ ለንብ ነው ለሙሽራ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የዱር ንብ መንጋ በእህታቸው የዘይቱን ዛፍ ላይ አረፈ። እህታቸው አሮጌ ጎማ አጭሰው ሊያባርሩት ሲሰናዱ ጋሽ ቀስ በሉ ሰሙ። ቀፏቸውን ተሸክመው በመንገድ በኩል ዞሩና የእህታቸውን በር አንኳኩ።

«ማነው?» ተባሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም!»

ንቦቹን እንዳያጨሱባቸው በደጅ ቆመው ለመኑ። እህታቸው በሩን ከፍተው «ዘጠኝ ዓመት ለእኔ ያልመጣህ ሰው፣ ለንብ መጣህ?» አሏቸው። በሩ ግን አልተዘጋባቸውም።

እህታቸው ከዛፉ ሥር ነጭ አንሶላ አነጠፉ። ጋሽ ቀስ በሉ ቀፎውን ከሥሩ አድርገው ቅርንጫፉን አንዴ ሲመቱት፣ መንጋው እንደሚገለበጥ እህል ዝርግፍ ብሎ ገባ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ወጥተው ወደ ቅርንጫፋቸው ተመለሱ። እህታቸው ቀፎውን አሸተቱና «ይሄ እንኳን ንብ እኔንም ያዞረኛል!» ብለው ሳቁ። ከዕቃ ቤት መላጊያ ነክቶት የማያውቅ የሻይ ቅጠል ሣጥን አመጡ። ጋሽ ቀስ በሉ ጠርዙን ትንሽ ላስተካክለው ቢሉ «እንዳትነካው!» ተባሉ። በሁለተኛው ምት ንግሥቲቱ ገባች፤ ሌሎቹም ተከትለዋት ይገቡ ጀመር።

የቀሩት ንቦች እስኪገቡ ቆመው ሲጠብቁ ጋሽ ቀስ በሉ «በውሃው ነገር በድዬሻለሁ» አሉ። እህታቸውም «እኔማ አውቀዋለሁ፤ አንተ እስክታውቀው ነው የጠበቅሁት» አሏቸው።

ሣጥኑን ተሸክመው ሊሄዱ ሲሉም እህታቸው «እዚሁ ይቀመጥ፤ ልታያቸው ስትፈልግ ትመጣለህ» አሉ። ጋሽ ቀስ በሉ አልጋ ላይ እስኪውሉ ድረስ በየቀኑ ሄደዋል። አንዳንድ ቀን ንቦቹን ሳያዩ ከእህታቸው ጋር ሲጨዋወቱ ውለው ይመለሱ ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በሰባ ሰባት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተዋል። የደከሙ እጆቻቸውን ፈጣሪ ያሳርፍ፤ ነፍሳቸውንም ከወላጆቻቸው ጎን ያኑርልን።

ከቀብሩ በኋላ ሐዘንተኞች የሚቀመጡት በእህታቸው ግቢ ነው።