ዳባት የሚያድሩት ዲስኮች

ሰኞ፣ ግንቦት 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ሰሚራ ተቆጣችኝ። ዘር ከጆንያ ወደ ጆንያ ገልብጬ ሳልነግራት በመቅረቴ ነው። እኔ የዘር መጋዘኑ ኃላፊ ነኝ፣ እሷ ኮምፒዩተሩ ላይ ነው የምትሠራው። ከጎንደር ተመድባ ደባርቅ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ አያያዟን ላየ ግን ቢሮው የአባቷ ቤት ነው የሚመስለው።

"ጋሼ፣ ጆንያው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የማን ዘር እንደሆነ የሚያውቀው ማሽኑ ነው። ማሽኑም የሚያውቀው እርስዎ ሲነግሩኝ ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። የወረቀት ካርዶቻችን ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ በስብሰው ቀሩ። አሁን ያለን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ሠንጠረዦች ናቸው፦ አንዱ የጆንያዎቹና የያዙት ዘር የመጣበት አገር፣ ሌላው የገበሬዎቹና የመሬታቸው። የሚያገናኛቸው ያ ቁጥር ነው። ሰሚራ ዓርብ ዓርብ ሥራ ስትጨርስ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት መስመር ትእዛዝ ትጽፍና ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ወደ ዲስክ ትገለብጣቸዋለች። ባክአፕ ትለዋለች። ከዚያ ዲስኮቹን ይዛ ዳባት አክስቷ ዘንድ ታስቀምጣለች። ስንት መደርደሪያ እያለን ዲስክ ዳባት ይደር? አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 23

ጄኔሬተሩ አጓራ፣ መብራቱ ቦግ አለ፣ ኮምፒዩተሩ ሞተ። የቃጠሎው ሽታ መጋዘን ድረስ መጣ። ሰሚራ ማሽኑን ነካክታ "በቃ፣ ውስጡ ያለው ሄዷል" አለች፤ ድምጿ እንኳ አልተለወጠም። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ ከተራራው ላይ የአምቢኮ ሰዎች ይመጣሉ። ዓምና በረዶ ሰብላቸውን ጠርጎባቸዋል፤ በደጉ ዓመት እኛ ዘንድ ያስቀመጡትን ገብስ ወስደው ሊዘሩ ነው። ተሳስቼ የዳባቱን ገብስ ባሸክማቸው እዚያ ላይ ውርጭ ይፈጀዋል። የሁለቱ ፍሬ ደግሞ በዓይን አይለይም። እነሱም አይለዩትም፣ እኔም አልለየውም። ሁለተኛ ዓመት ባዶ ጎተራ እንዴት ይቻላል?

ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 24

ሰሚራ አለቃችን ደብዳቤ የሚያስጽፍበትን ማሽን ለምና አስፈቀደች። "ጓድ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ" ብላ ገባች፣ ማሽኑን ታቅፋ ወጣች። እንዴት እሺ እንዳሰኘችው እንጃ።

እኔም ባዶ እጄን አልቀረሁም። ጥር ላይ የጆንያዎቹን ሠንጠረዥ ብቻ ለራሴ ገልብጬ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬ ነበር። ኮራ ብዬ ሰጠኋት። ከፈተችው፤ የአምቢኮ ገብስ ያለበት የጆንያ ቁጥር ወዲያው ወጣ። የመጋዘኑን ቁልፍ ላነሳ ስል፦

"ጋሼ፣ ይህን ጆንያ ከጥር ወዲህ አልገለበጡትም?"

ገልብጬዋለሁ። እዚህ አገር ደህና ጆንያ የሚጥል የለም፤ ሲራገፍ ሌላ ዘር ይገባበታል፣ በቀለም የተጻፈው ቁጥር ግን እንዳለ ይቀራል። ዲስኬ "አምቢኮ" ያለው ጆንያ ዛሬ የዳባት ገብስ ነው የያዘው። አሳስታቸው ነበር እኮ፣ ያውም በኩራት።

"ነገ ዳባት ይሂዱልኝ" አለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 25

አክስቷ እትዬ ሐሊማ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ዲስኮቹን እርጥበት እንዳያገኛቸው በላስቲክ ጠቅልለው፣ በቆርቆሮ ሣጥን ከትተው፣ ጣቃዎቹ መሃል አስቀምጠዋቸዋል። ዲስኮቹን ልወስድ መጣሁ አልኩ።

"ሰሚራ ከእሷ በቀር ለማንም እንዳልሰጥ ብላኛለች" አሉኝ።

መታወቂያዬን አሳየሁ። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም አሳየሁ።

"ማኅተሙስ ደህና ነበር። አንተ ግን ሰሚራ አይደለህ።"

ሱቃቸውን ዘጉ፣ ሣጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው አብረውኝ አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ አላስነኩኝም። መጀመሪያ ንድድ ብሎኝ ነበር፤ መሃል መንገድ፣ ወቅን ስንደርስ ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ዘብ ለመጋዘኔም ባገኝ ጥሩ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 26

ሰሚራ የመመለሻውን ትእዛዝ ጻፈች። ማሽኑ አንደኛውን ዲስክ ጠየቀ፣ ሁለተኛውን ጠየቀ። ሦስተኛው ላይ ሲንገጫገጭ ቆየና ማንበብ አልቻልኩም አለ።

እሷ ከሣጥኑ ሌላ እሽግ አወጣች፤ ከዚያ በፊት የነበረው ዓርብ የተገለበጠ ነው። "ያነበበውን ያህል ከአዲሱ እንውሰድና የቀረውን ከአሮጌው እንሙላው" አልኳት።

"አላደባልቅም። ጆንያውና ገበሬው የአንድ ቀን መሆን አለባቸው። አለዚያ እንደ እርስዎ ዲስክ ነው የሚሆነው።"

አሮጌውን እሽግ እንዳለ መለሰችው። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ከዚያ ወዲህ የትኛውን ጆንያ እንደገለበጥኩ፣ ምን እንደከተትኩ አስለፈለፈችኝ። ሰኞ የተቆጣችኝ ነገር ዛሬ በጀኝ፤ ያ ቁጣ ባይኖር አላስታውሰውም ነበር። ሁሉንም ጽፋ ስትጨርስ የአምቢኮ ጆንያዎች ከነባለቤቶቻቸው ተሰልፈው ወጡ። እኩዮቿን ብዙ አይቻለሁ፣ እንዲህ ልበ ሙሉ ግን አላየሁም። ፊት ለፊት ልነግራት አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 27

የአምቢኮ ሰዎች በቅሎዎቻቸውን ይዘው መጡ። ሽማግሌያቸው አያ ወርቁ ጆንያቸውን ዳሰስ አድርገው "ይኸ የኔው ለመሆኑ በምን አወቃችሁ?" አሉ። ወደ ሰሚራ ጠቆምኩ። ማሽኑ እንደተቃጠለ፣ ግልባጩ ግን ዳባት አክስቷ ቤት እንደነበረ ነገረቻቸው።

"አበጀሽ፣ ልጄ። እኛም ዘር ሁሉን አንድ ቤት አናሳድርም፤ ከፍለን አበልጅ ቤት እናኖራለን። ዓምና ግን በረዶው የአበልጄንም አገር አልማረው።"

ከዚያ ጆንያቸውን ፈቱና ከውስጡ ጥቂት ዘግነው አንድ ባዶ ጆንያችን ውስጥ አፈሰሱ። ዓመት ሙሉ የራባቸው ሰው ናቸው። "ይኸን አንቺ ያዥልኝ" አሏት።

ጆንያውን አስሬ ቁጥሩን ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። ሳቀች። ጽፋ፣ ገልብጣ፣ ዲስኮቹን እሷ ዘንድ ለሰነበቱት ለእትዬ ሐሊማ አስረከበች፤ እሳቸውም ሣጥኑን ታቅፈው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

"ጎበዝ ነሽ" አልኳት በመጨረሻ።

"መጀመሪያ ገብሱ ይብቀል፣ ጋሼ።"

ሰዎቹ ከወጡ ጀምሮ ወደ አምቢኮ በኩል ደመና ተጭኗል። ዝናብ ይሁን፣ በረዶ፣ ከዚህ ሆኖ አይለይም።