እሜቴን አልቀበርናትም

ውድ ልጄ ቁንጮዬ፣

እንደምን አለሽ፣ ጥናቱ እንዴት ይዞሻል፣ እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን «ደህና ነን» እያልኩ አንድ ጊዜ አታልዬሻለሁና ዛሬ ከዋናው ነገር ልጀምር። እሜቴ ሞታለች። እሑድ ጠዋት ነው የሞተችው። ድንቡሼ ደህና ናት፣ እየበላች ነው። እኔም ደህና ነኝ። አክስትሽም ደህና ናት፣ ተቆጥታለች እንጂ። በይ አሁን ቁጭ በይና የቀረውን አንብቢ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ያ የረጅም መንገድ አውቶብስ ሾፌር ነው። ጎማው በተነፈሰ ቁጥር «ነርሷ እንዴት ናት?» እያለ የሚጠይቀኝ፣ አንቺም «አፉ የማያርፍ» የምትይው። በእጇ ካልሰጠኻት ሁለተኛ ጎማህን አልነካም ብዬዋለሁ። ስልክ መደወሉ ይቀል ነበር፣ አውቃለሁ። ግን በስልክ እኔን አትመኚኝ። እኔም ራሴን አላምነውም። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ሳላዘው «ሁሉ ሰላም ነው» ይላል። ወረቀት ላይ ያሰፈርኩትን ግን መልሼ ልውጠው አልችልም።

አክስትሽ ትናንት እዚህ ጎማ መጠገኛው ድረስ መጥታ ዘራፍ ስትል ነበር። «ፈተናዋ አርብ ነው! እስከ አርብ ዝም ብትል ምን ትሆናለህ? ፈተናዋን ትጨርስ!» አለች። እኔ ቸርኬ ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ቀና ማለት አቃተኝ። አንቺ ያኔ አልሰማሽም እንጂ ከሰባት ዓመት በፊትም ይህንኑ ቃል ተናግራ ነበር። ቃል በቃል። እኔም እሺ ብዬ ነበር።

እስካሁን ነግሬሽ አላውቅም፤ ዛሬ ልንገርሽ። እናትሽ ሆስፒታል ስትገባ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶብሽ ነበር። አክስትሽ ቤት ሆነሽ አጥኚ ብለን ላክንሽ። እናትሽ ማክሰኞ ሞተች፣ ረቡዕ ቀበርናት። ሐሙስና አርብ አንቺ ተፈተንሽ። ሐሙስ ከፈተና ወጥተሽ ደውለሽ «አባዬ፣ እማዬ እንዴት ናት?» ስትይኝ «ተኝታለች» አልኩሽ። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ቅዳሜ እውነቱን ስንነግርሽ አላለቀስሽም። «የት ናት?» ብቻ አልሽ። አክስትሽ «ልጅቷ ጠንካራ ናት፣ ይኸው ቻለችው» አለችኝ። ጠንካራ! ቤቱን ክፍል በክፍል እየዞርሽ ስታይ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍተሽ ስትዘጊ እያየሁ እኔም ጠንካራ ናት ብዬ አመንኩ። ከዚያ መብላት ተውሽ። ከእኔም ጋር ማውራት ተውሽ።

እነ እሜቴ የመጡት ያን ሰሞን ነው። እንዴት እንደመጡ አጥርተሽ የምታውቂው አይመስለኝም፤ አንቺ የደረሰሽ ካርቶኑ ብቻ ነው። አንድ ደንበኛዬ አገር ሊቀይር ዕቃውን እየበተነ ሳለ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ከፍቼ ሳይ ሁለት ነገር ተቃቅፎ ይንቀጠቀጣል።

«ምንድን ነው ይሄ? አይጥ ነው?» አልኩት።

«ኧረ ጊኒ ፒግ የሚባል የቤት እንስሳ ነው።»

«ጅራቱስ?»

«ጅራት የለውም።»

«እና ምኑን ይዤ ላነሳው ነው?»

ሳቀ። በዚህ መሀል የአየር መሙያው ኮምፕሬሰር ተነሳ፤ ሁለቱም ባንድ ድምፅ ዊይይይ! አሉ። እኔ ጎማ የተበሳብኝ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አየር የት ጋ እንደሚያፏጭ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ነዋ! ኋላ ላይ ከካርቶኑ እንደሚወጣ ሳውቅ በሳቅ ሞትኩ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። አፍሬም እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ቤት ወስጄ አልጋሽ አጠገብ አስቀመጥኩት። ምንም አላልኩሽም፤ ምን አፍ ነበረኝና። በበሩ ስንጥቅ ሳይሽ ግን ካሮት እየቆረስሽ «አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእኔ» ትያለሽ። ለአንቺ የደረሰሽን ከነአፈሩ በላሽው። እኔ እዚያ በር ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቡናማዋ ሌላዋን ገፍታ ሁልጊዜ ቀድማ ስለምትበላ እሜቴ አልሻት፤ ነጯን ድንቡሼ። ያን ቀን ማታ ለእኔ የተናገርሽው ቃል «አባዬ፣ ድርቆሽ ሣር ይፈልጋሉ» የሚል ነበር። ልጄ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ ድርቆሽ የገዛሁበት ቀን የለም።

አሁን ደግሞ ልኩራብሽ። ለትምህርት ስትሄጂ ግድግዳው ላይ የለጠፍሽልኝ ወረቀት ዛሬም አለ፤ በቅባት ወይቧል እንጂ አንድ ፊደል አልጠፋም። «አባዬ፣ ድርቆሽ እንዳያልቅባቸው። አባዬ፣ የማያቃጥለውን ቃሪያ። አባዬ፣ ጥፍራቸውን በጎማ መቁረጫህ እንዳታስበው!» ሁሉንም ፈጽሜአለሁ። ቤት ለብቻቸው እንዳይሆኑ ብዬ ወደ ሥራ ቦታዬ አመጣኋቸው። ኮምፕሬሰሩ እንዳያስደነግጣቸው ወደ ውጭ አውጥቼ ቱቦውን በመስኮት አስገባሁት። የሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ ሁሉ «ለአይጥ ብሎ ማሽኑን ዝናብ ላይ አወጣ» እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ! የእንስሳት ሐኪሙ ራሱ «ሰባት ዓመት የደረሰ ብዙ አላየሁም፣ ጋሼ» አለኝ። ደረቴን ነፍቼ «የማን ልጅ አሳድጋቸው!» አልኩት።

ሕመሟንም ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ቱታዬ ላይ አስቀምጫት ሰላጣ ሳበላት ከደረቷ ቀጭን ሲስ የሚል ነገር ሰማሁ። ጆሮዬ ቆመ። ወዲያው አቅፌያት ወደ እንስሳት ሐኪሙ በረርኩ። ሰውየው ማዳመጫውን አድርጎ «ምንም የለም» አለኝ። «እንደገና ስማ» አልኩት። «ምንም የለም፣ ጋሼ።» «በግራ በኩል፣ ከታች፣ ስትስብ ሳይሆን ስታስወጣ» አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። «ልክ ነህ» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው!

ግን መስማትና መድፈን ለየቅል ነው ልጄ። መድኃኒቱን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጠዋትና ማታ አጠጣኋት፤ ሁለቴ ነከሰችኝ፣ ደስ አለኝ። ድንቡሼ ምግቧን እንዳትሻማት ለብቻዋ ሌላ ሣጥን አደረግኩላት። እሑድ ጠዋት እዚሁ ጭኔ ላይ እያለች ያ ሲስ የሚለው ድምፅ ቆመ። ጆሮዬን አስጠግቼ ብዙ ቆየሁ። ምንም የለም።

ያኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ፤ ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር የለምና። ቶሎ ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ባንኮኒው ሥር ደበቅኳት። ከማን? ከድንቡሼ! እንዳታይ ብዬ። ምንም እንዳልተፈጠረ ጎመን ሰጠኋት፣ «እሜቴ ተኝታለች» አልኳት። በዚህችው አፌ።

ድንቡሼ ጎመኑን አልነካችም። ዊይ ትላለች፣ ጥግ ጥጉን ታሸታለች፣ ድርቆሹን በአፍንጫዋ እየገለበጠች ትፈልጋለች፣ እንደገና ዊይ ትላለች። ቀትር ሆነ፣ አልበላችም። ኪያር ሰጠኋት፤ ኪያር እንኳ! ለነዚህ እንስሳት ቀን ሙሉ አለመብላት አደጋ እንደሆነ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ጨነቀኝና ሐኪሙ ጋ ደውዬ ሁሉን ነገርኩት።

«አሳየሃት?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የሞተችውን።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ጭራሽ ልትጎዳብኝ?»

«ጋሼ፣ አሁን የምትጮኸው እኮ ሞታባት አይደለም፤ ጠፍታባት ነው። አስገባላት፣ አሽትታ ትወቅ።»

ስልኩን አስቀመጥኩ። ውጭ ጎማው የፈነዳበት ባለታክሲ ይጮሃል፣ እኔ አልሰማሁትም። እሜቴን አውጥቼ ድርቆሹ ላይ አስተኛኋት። ድንቡሼ መጣች። አፍንጫዋን አሸተተች፣ ጆሮዋን አሸተተች፣ ዓይኗን ላሰቻት። በአፏ ገፋ ገፋ አደረገቻት። ከዚያ ጎኗ ተኛች። ፉጨቱ ቆመ። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ሆና ቆየች፤ እኔም በርጩማዬ ላይ ከነቱታዬ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባለታክሲው ገብቶ አየኝና ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። በኋላ ድንቡሼ ተነሳች፣ ሄደችና ጎመኗን በላች።

ቁንጮዬ፣ ባለፈው ወር የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ታስታውሺዋለሽ? ተረኛ ሆነሽ ሳለ አንድ ሽማግሌ እጅሽ ላይ ሞቱ። አለቃሽ «ቶሎ ይውጡ፣ አልጋው ይፈለጋል» ስትል አንቺ አልጋው ፊት ቆመሽ «ልጃቸው መንገድ ላይ ነው፣ ሳያያቸው አይወጡም» አልሽ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቅሽም። ልጅየው ደርሶ የአባቱን እጅ ያዘ። አንቺም «አሳየሁት፣ አባዬ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያን ደብዳቤ ለማን ያላነበብኩለት ደንበኛ አለ! በኪሴ ይዤው እዞራለሁ፣ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። «እንዲህ ዓይነት ልብ ከማን ወረሰች?» ሲሉኝ «ከማን ይሆናል፣ ከአባቷ ነዋ!» እላለሁ። እሑድ ዕለት በርጩማው ላይ ሆኜ እንደገና አወጣሁት። ለማታውቂው ሰው ያደረግሽው እኔ ለአንቺ የነፈግኩሽን ነው። ከእኔ የተማርሽው ካለ ከጥፋቴ ነው። እሱንም ወደ ደግነት ለወጥሽው። ከዚህ የሚበልጥ ኩራት አባት ከየት ያመጣል?

ይቅር በይኝ ልጄ። እናትሽን ልታዪያት ይገባሽ ነበር። ፈተናው ይቅር ማለት ነበረብኝ። አንቺን የማድን መስሎኝ ራሴን ነው ያዳንኩት፤ ያንን «የት ናት?» የሚል ፊትሽን ሬሳዋ አጠገብ ማየት ፈርቼ።

ስለዚህ እሜቴን አልቀበርናትም። ንጹሕ ሣጥን ውስጥ አድርጌ አክስትሽ ቤት ሄድኩ፤ ትልቅ ማቀዝቀዣ ያላት እሷ ናት። «ማቀዝቀዣዬ ውስጥ? ከሥጋዬ ጋር? አንተ ሰውዬ ጤና የለህም!» አለች። «እስከ ቅዳሜ ብቻ» አልኳት። ትናንት ደግሞ ለአንቺ ልጽፍ መሆኔን ሰምታ ነው ጎማ መጠገኛው ድረስ የመጣችው።

«ብትወድቅስ?» አለችኝ ጩኸቷን ስትጨርስ።

«አትወድቅም። ብትወድቅም ደግማ ትፈተናለች። እኔ ግን ሁለተኛ አልዋሻትም።»

አክስትሽ  ድንቡሼ ዘንድ ሄዳ ጎንበስ ብላ አየቻት፤ ሰባት ዓመት አጠገባቸው ደርሳ የማታውቅ ሴት! ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች። «ለእሜቴ የማቀዝቀዣውን የላይኛውን መሳቢያ ሙሉውን ለቅቄላታለሁ፣ ፎጣም አንጥፌላታለሁ» አለችኝ። በር ላይ ስትደርስ ዞራ «ስትጽፍላት እኔንም ጨምርበት» አለች። ይኸው ጨምሬያታለሁ። የሁለታችንም ይቅርታ ነው።

አሁን እንግዲህ ታውቂያለሽ። አልቅሺ፣ ከዚያ ፊትሽን ታጠቢና አርብ ግቢና ተፈተኚ። ሞትን አልጋው ፊት ቆመሽ ያሳለፍሽ ልጅ ነሽ፤ ወረቀትማ ምን ያደርግሻል! ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶብስ ነይ፤ አፉ የማያርፈው ሾፌር ከፊት ወንበር ይዞልሻል። ከመጠገኛው ጀርባ ዛፉ ሥር ቆፍሬያለሁ፣ አፈሩን የምትመልሺው አንቺ ነሽ። ድንቡሼን እኔ እይዛታለሁ። ሲያልቅ ደግሞ ከፈለግሽ እናትሽ ጋ አብረን እንሄዳለን። ያን ማክሰኞና ያን ረቡዕ ጠይቂኝ፤ አንድም ሳላስቀር እነግርሻለሁ።

አትቸኩዪ፣ መንገድ ላይም አትጨነቂ። ቅዳሜ ባይመችሽ እሑድ፣ እሑድ ካልሆነ ሰኞ። መሳቢያው የእሷ ነው።

አንቺ ሳትመጪ አንቀብርም።

በአንቺ የሚኮራው
አባትሽ