ሲዘል ይስቅ ነበር

ጥር 6

ዛሬም ያው ፊልም። ሁለት ደንበኞች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ፣ የአስተማሪዋ ደንበኛዬ ፀጉር እጄ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ይጮኻል። ሃያ ምናምን ዓመት ሞላው፣ ግን አንዴ ከተጀመረ ጣቢያ የሚቀይር የለም። መኪናው ሲገለበጥ ያውቁታል፣ ድልድዩ ሲፈርስ ያውቁታል... አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ደሞ ስንት ፊልም ወጥቶ ተረሳ! ይሄ ብቻ አልረሳ አለ።

ከዚያ የጣሪያው ዝላይ መጣ። አስተማሪዋ ጭንቅላቷን ከእጄ አስመልጣ «እዩት! እዩት! አሁን ሰውየው ይቀየራል!» አለች። ሁሉም ሳቁ። ዋናው ተዋናይ ከጣሪያ ይዘላል፣ አየር ላይ ሌላ ሰው ይሆናል፣ መሬት ላይ ደግሞ ራሱ ሆኖ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። አገር ያወቀው ስህተት ነው።

ያ ሌላ ሰው ባሌ ነው። እሱ አልተነሳም።

አስተማሪዋ ምን ታድርግ፣ አታውቅም። ረዳቴ ግን ታውቃለች፣ ቶሎ ብላ ድምፁን ቀነሰች። «ምነው? ማን ቀንሺ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን። ማበጠሪያዬን ይዤ ቆሜ እያየሁት ነበር እኮ፣ እንደ ሁልጊዜው። በዐይን ጥቅሻ ነው የሚያልፈው። ብዥ ያለ ፊት፣ ነጭ ጥርስ። እየሳቀ።

ጥር 9

ድመቱ ይሉት ነበር። ከየትም ይውደቅ በእግሩ ይቆማል ብለው። የተዋናዩን ልብስ ለብሶ በተዋናዩ ፈንታ የሚወድቅ ሰው... እንጀራው ይሄ ነበር። «ፊቴ ከታየ ሥራዬን አላወቅኩም ማለት ነው» ይለኝ ነበር። ታዲያ ያን ቀን ለምን ዞረ?

ጓደኞቹ ለቅሶ ላይ «ደስ ብሎት ነው፤ እየሳቀ ነው የሄደው፤ ምንም አላወቀም» አሉኝ። እሱን ይዤ ኖርኩ። ፊልሙን የሞተበት ዝላይ እንዳለበት ለገበያ ሲያወጡትም ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም እየሳቀ ነው። ልጄንም በዚያ አሳደግኳት። አባቷ ሲሞት ገና ጡት አልተወችም። ትንሽ ሆና ዲስኩን እያስቆመች የቴሌቪዥኑን መስታወት ትስም ነበር። ስንቴ ወልውዬዋለሁ ያንን መስታወት!

ጥር 20

ልጄ ከፋርማሲው ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ በሩጫ መጣች። ፊልሙ ታድሷል! በትልቁ ሲኒማ ቤት ሊታይ ነው። «ጠርቶ ነው አሉ እማ፣ የሰው ላብ ሳይቀር ይታያል!» ለኔ፣ ለራሷ፣ ለአባቷ እህትም ቲኬት ቆርጣለች።

ጠርቶ... ዐይኑን አያለሁ ማለት ነው? ብርድ ብርድ አለኝ። ደስታ ይሁን ፍርሃት እንጃ።

ጥር 24

ጠዋት ፀጉሬን ራሴ ተሠራሁ። ረዳቴ «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» ትለኛለች። ለባሌ ነዋ! አሮጊት ሙሽራ። ማታ ከሲኒማ ቤት ተመለስን።

የለም።

ዘለለ። ዐይኔን አልነቀልኩም። አየር ላይ ዞረ... የተዋናዩ ፊት። ጥርት ያለ፣ የተላጨ። የባሌ ትከሻ፣ የባሌ እግር፣ ላዩ ላይ የሌላ ሰው ጭንቅላት ቀጥለውበታል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የሱ እህት ክንዴን እየጎተተች «የታለ? አለፈኝ እንዴ?» ትለኛለች።

መብራቱ ሲበራ ልጄ ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀርታለች። «አባቴን ፋቁት» አለች።

ሞቱን ሲሸጡ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ የሞተው እሱ አይደለም አሉኝ።

የካቲት 2

ፊልሙን ካደሱት ሰዎች ቢሮ ሄድን። ሊፍቱ አይሠራም፣ ደረጃው ላይ ነፍሴ ልትወጣ። ኮምፒውተር ላይ የተጎለተ ወጣት «ማዘር፣ አረፍ ይበሉ» አለን። የምናለቅስበትን ነገር ስንነግረው ፈገግ አለ። «እሱማ ስህተት ነበር፤ ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር፤ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«ባሌን ነው ስህተት የምትለው?» አልኩት።

ልጁ ክው አለ። ተነስቶ ቆመ። «እኔ ልሙት፣ አላወቅኩም» አለ። ውሃ አመጣልኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ በሆነልኝና በተሳደብኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ነገረን። የጸዳው፣ ፊቱ ገና ያልተቀየረው ቁራጭ እሱ ጋ አለ። የተቀረጸበት የድሮው ፊልም ጥቅል ራሱ ሻግቶ ተጥሏል፣ ጠርቶ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ፈልጎ፣ አለቆቹ ሳያዩ፣ በፍላሽ ሊሰጠን ቃል ገባ። «ማክሰኞ ኑ» አለን። ልጄ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

የካቲት 5

ማክሰኞ አልደርስ አለ። የደንበኛ ፀጉር አቃጠልኩ።

የካቲት 7

ልጄን ከሥራ አልለቅ አሏት። «አንቺ ተቀበዪው፤ ግን ያለኔ እንዳታዪው እማ! አብረን!» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ብዬ ነበር እኮ።

ልጁ ትክክለኛው መሆኑን ላረጋግጥ ብሎ ከፈተው። አየር ላይ አስቆመው። የኮምፒውተሩን መስታወት ሞልቶ መጣ... ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ፊት ለፊቴ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር።

አይስቅም።

ጥርሱ የሚታየው አፉን ከፍቶ ስለሚጮህ ነው። ዐይኑ ወደ ካሜራው አይደለም፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን... ሣጥኖቹን ይፈልጋል። የሚያርፍበት የካርቶን ሣጥን ነበር፣ ከታች ይደረደርለታል። ለካሜራው እንዳይታይ ብለው ገፋ አድርገውት ነበር፤ ይሄንን በኋላ ሰምቻለሁ። ግን እሱ አላየም ብለውኝ ነበር። አይቷል! አየር ላይ ሆኖ አይቷል። የዞረውም ለዚህ ነው። ዐይኑ እንደ ሕፃን ዐይን ፈጦ... በሕይወቴ እንዲህ የፈራ ሰው አላየሁም። የኔ ጌታ። ብቻህን።

«ማዘር... ፍላሹ ላይ ላድርገው?» አለኝ ልጁ፣ እያየኝ አይደለም።

«አጥፋው።»

«እ?»

«አጥፋው። ልጄ ከመጣች አለቆቼ አጠፉብኝ በላት።»

«ማዘር፣ ሌላ እኮ የለም። ከጠፋ ጠፋ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

እጁ እምቢ አለው። የቱ ጋ ነው የሚጫነው አልኩት። አሳየኝ። ራሴ ጫንኩት። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ኮምፒውተሩ ሲጠይቅም አዎ ያልኩት እኔ ነኝ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የምታጸዳው ሴት መወልወያዋን ይዛ ዞራኝ አለፈች።

የካቲት 8

ልጄ ራሷ ሄዳ ጠየቀችው። እንደነገርኩት ነገራት። ቤት ስትገባ ቦርሳዋን በሩ ላይ ጥላ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደፋች።

«አንድ ጊዜ እማ... አንድ ጊዜ አጥርቼ ልየው ብዬ። ሲስቅ ልየው ብዬ እኮ ነው። ምን አደረግናቸው?»

ምንም የኔ እናት አልኳት። ፀጉሯን አሻሸሁላት። ልጅ ሆና እንኳ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም። ልንገራት? ነግሬስ ምን ልስጣት፣ ያንን ዐይን?

ቀና ብላ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «ያጠፋው እጅ ይሰበር!» አለች።

«አሜን» አልኳት።