የጤና ጣቢያው ዳገት አስፋልትና ፊርማዬ

ለተከበሩ አቶ ቴዎፍሎስ ይታገሱ
የደጋ ጽዮን ከተማ የመንገድ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ አይዛል፣ ወገብዎን ብርድ አያግኘው፣ ቤተሰብዎንም ክፉ አይንካው። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ከታመሙ ወደ ጤና ጣቢያችን መውጣት ግድ ይሆንብዎታል፣ ወደ ጤና ጣቢያው የሚያወጣው መንገድ ደግሞ እርስዎ ያሠሩት ነው።

የካቲት 4 ቀን የጻፉልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማኅተም ተከብሮ እጄ ገብቷል። «የሕዝብ ሀብት የሆነውን አስፋልት ሆን ብለው በዶማ በመቁረጥ ጉዳት አድርሰዋል» ይላል። አልክድም፤ ቆርጫለሁ። «ለድርጊትዎ ምክንያት ካለዎ በጽሑፍ ያቅርቡ» ስላሉኝም ምክንያቴን ይኸው አቅርቤያለሁ። ጉዳዩ የሕዝብ ነው ብለዋልና ሕዝቡም እንዲያነበው በቀበሌው፣ በጤና ጣቢያውና በመናኸሪያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ስሜ ስመኘው ደረሰ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንገድ ጥገና ሠርቼ፣ የሠራተኞች አለቃ ማለት ካቦ ሆኜ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ጤና ጣቢያው ግቢ በሚወጣው ሦስት መቶ ሜትር ዳገት መካከል፣ መታጠፊያው ላይ ነው። የአስፋልትም ጠላት አይደለሁም። ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቴ ንግሥቴ ታማ በቃሬዛ ስትወጣ፣ የተሸከሟት አራት ጎረምሶች በጭቃው ተንሸራተው ከነቃሬዛዋ ጥለዋት ነበር። ስለዚህ አስፋልት ይሠራላችኋል ሲባል ከሁሉ በላይ እልል ያለችው እሷ ናት። ለዚያ እልልታ ዛሬም አመሰግንዎታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሌላ አልተሰማም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ። ሥራው በነሐሴ መጨረሻ ተጀመረ። አገራችን ደጋ ነው፤ በነሐሴ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን ከመሬት አይነሣም፣ ካፊያውም አያባራም። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ከመታጠፊያው በላይ ምንጭ እንዳለ ነገርሁዎት። መጀመሪያ ውኃው በቦይ ተመርቶ ይውጣ፣ ጥቁሩ አፈር ተዝቆ ጠንካራውን የመንገድ አፈር፣ ገረጋንቲ ይልበስ፣ በሩሎ ይጠቅጠቅ፣ አስፋልቱም ደረቁ ወራት ሲገባ ይንጠፍ አልሁ። እርስዎም በትሕትና ፈገግ ብለው «ጋሼ ስመኘው፣ የእርስዎ ዘመን የዶማ ነበር፤ የእኛ ዘመን የማሽን ነው» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ማሽኑ መጣ፣ ግማሽ ቀንም ቆየ። አስፋልቱ ከሩቅ ተጭኖ በካፊያ ሲደርስ እንፋሎት እንኳ አልነበረውም፤ አስፋልት ደግሞ እንደ ገንፎ ነው፣ ከቀዘቀዘ አይያያዝም። ሩሎው ሁለቴ ተመላለሰና ሄደ። ለአዲስ ዓመት በዓል ይድረስ ተብሎ ነበርና፣ ደረሰ።

ሁለተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ብቻ አይደለም፣ በራሴም ላይ ነው። ሥራውን አይቶ የሚረከብ የሦስት ሰው ኮሚቴ ተብሎ አንዱ እኔ፣ አንዱ የቀበሌው ጸሐፊ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ሲስተር ያምሮት ቢያዝን ሆንን። የማንኩሳ ልጅ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ብርዳችንን አልለመደችምና በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ፣ በዚያ ላይ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ስትሄድ ልጆች «ዱባ» እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። በየማለዳው በቤቴ በኩል ስታልፍ «ጋሼ፣ አደሩ?» ሳትል አትሄድም ነበር።

ጳጉሜን 3 ቀን የርክክቡ ወረቀት መጣ። በዋዜማው የአስፋልቱን ጠርዝ በዶማ ጫፍ ፈልፍዬ አይቼዋለሁ፤ ውፍረቱ ሁለት ጣት አይሞላም። ይህን ለእርስዎ ብነግርዎ «እርስዎ ካልፈረሙ ማሽኑ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ መንገዱም እንዲሁ ይቀራል፤ ሕዝቡ ማንን እንደሚረግም ያውቃሉ» አሉኝ። የንግሥቴ ቃሬዛ ታወሰኝ። እስክሪብቶውን ሳነሣ ሲስተር ያምሮት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ እኔ ስለ አስፋልት አላውቅም። ደህና ነው? እርስዎ ደህና ነው ካሉ እፈርማለሁ» አለችኝ።

«ደህና ነው፣ ፈርሚ» አልኋት።

ፈረምሁ፤ ከሥሬ ፈረመች።

ሦስተኛ። ጥቅምት ሳይወጣ አስፋልቱ መታጠፊያው ላይ እንደ ድንች ማሳ ተሰነጠቀ። የምንጩ ውኃ ከሥር እየመጣ በስንጥቁ ይወጣና ዳገቱን ይለብሰዋል። ኅዳር ገብቶ ውርጭ ሲወርድ ውኃው ማለዳ ማለዳ እንደ መስተዋት ይረጋል። አምቡላንሱ አልወጣም ብሎ ከታች መቆም ጀመረ። ባጃጆቹ ግን ይወጣሉ። ባጃጁ መታጠፊያው ላይ ሲንገታገት አንድ ተሳፋሪ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ትንሽ ሲሄድ ደግሞ አንሥቶ ያስገባል። ከተማችን ይህን ሥራ በአንድ ወር ውስጥ ተማረች። ስለ ስንጥቁ ሁለት ጊዜ ጽፌልዎ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ደብዳቤዬ «መዝገብ ቤት ገብቷል» ተባልሁ። ከመንገዱ ይልቅ መዝገብ ቤቱ ጠንካራ ነው፤ የገባው አይወጣም።

ታኅሣሥ 12 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወንዳወቅ የሚባለው የባጃጅ ሾፌር ውዳሴ የምትባል ምጥ የያዛትን ሴት ጭኖ መጣ። አምቡላንሱ ስለማይወጣ ሲስተር ያምሮት ራሷ እስከ ዋናው መንገድ ወርዳ ተቀብላት፣ አብራት ተሳፍራ ነበር። እኔ ከአጥሬ አጠገብ ቆሜ ነበር። ባጃጁ መታጠፊያው ላይ ጮኸ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። ያምሮት ዘልላ ወረደች። የተዘጋጀው ድንጋይ በበረዶው ተንሸራቶ ቁልቁል ሄዶ ኖሯል። በሁለት እጇ ባጃጁን ከኋላ ደግፋ ዘወር አለችና አየችኝ።

«ጋሼ! ድንጋይ!»

ከአጥሬ ካብ ላይ ድንጋይ ነቅዬ ሮጥሁ። እግሬ ያንን መስተዋት ሲነካ ከዳኝ፤ በጉልበቴ ወደቅሁ። አራት እርምጃ ቀርቶኝ ነበር። ባጃጁ ገፍቶ ወሰዳትና ከእኔው የድንጋይ ካብ ጋር አጣበቃት።

ውዳሴን ንግሥቴ ወደ ቤት አስገባቻት፤ ሰዓት ሳይሞላ በእኛው መደብ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ያምሮትን በቃሬዛ አውርደን አምቡላንስ ላይ ጫንናት። እጇን ይዤ አብሬያት ሄድሁ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሳንደርስ ዐረፈች።

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ትክክል እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ምክር የተሰጠው ለእርስዎ፣ እንቢ ያሉት እርስዎ፣ አውቆ ዝም ያለው እኔ፤ መከራው ግን የመጣው በሁለታችንም ላይ አልነበረም።

አራተኛ። የሐዘናችን ተካፋይ ስለሆኑ አመሰግናለሁ። በአሥረኛው ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ የወጣው ሪፖርት አደጋው «በእግረኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት» የደረሰ መሆኑን አረጋግጧል። በማግስቱም ሦስት ሠራተኛ ልከው የወደቀችበትን ቦታ በሬንጅ ጥቁር አድርገው አስለበሱት። ሐዘንተኛ ጥቁር እንደሚለብስ አውቃለሁ፤ የገደለው ሲለብስ ግን ያን ቀን አየሁ። ጥቁሩ ሳምንት አልቆየም። ውኃው ከሥር ገፍቶ እንደ ቁስል አሳበጠውና በዚያችው ቦታ ፈነዳ።

ከዚያ ወዲህ የባጃጅ ልጆች መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ዘፈን ይዘጋሉ። ማንም አላዘዛቸውም። አሮጊቶች ዕንባዋ ነው እያሉ ውኃውን ሳይረግጡ ይሻገራሉ። ንግሥቴ ያንን የተመኘችውን አስፋልት ትታ በድንቹ ማሳ መካከል በጭቃ ትመላለሳለች። እኔስ? እኔ የመንገድ ሰው ነኝ፤ ምንጭ መሆኑን አውቃለሁ። ከየት እንደሚነሣ፣ በየትኛው አፈር እንደሚያልፍ አሳምሬ አውቃለሁ። ነገር ግን በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ከአጥሬ ማዶ ይጠራኛል። «ጋሼ» ይለኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጥቼ አይ ነበር፤ ውኃው ብቻ ይወርዳል። የንስሐ አባቴ መጥተው ቤቱን ጠበል ረጩልኝ። በማግስቱ ደግሞ ጠራኝ። የውኃ ድምፅ ነው እንዳልል፣ ውኃ ሰውን ጋሼ አይልም። ድንጋዩን ጠየቀችኝ እንዳልል፣ ድንጋዩ ይኸው እጄ ላይ አለ፤ እሷ ናት የሌለችው።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ኑዛዜ ነው። ለአርባዋ ማንኩሳ ወረድሁ። አባቷ አያ ቢያዝን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የበርበሬ ዛላ ይቀነጥሱ ነበር፤ እናቷ የሻሽወርቅ ከጎናቸው። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው አባቷ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«አንዱ መጥቶ ብርዱ ነው አለኝ። ሌላው ጥንቃቄ ማጣቷ ነው አለኝ። እርስዎ ደግሞ ምን ሊሉኝ መጡ?»

«መንገዱ እንደማይረባ አውቅ ነበር» አልሁ። «ፈርሚ ያልኋትም እኔ ነኝ።»

እናቷ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። አባቷ ብዙ በርበሬ ቀነጠሱ። ከዚያ፣

«አንድ ሰው እውነት ይዞ መጣ፤ በአርባ ቀኑ» አሉ። «ይቅር እንድልዎ ነው?»

«ይቅርታ ልጠይቅ አልደፍርም።»

«እኔም አልችልም። ወደፊት እንጃ። የፈረሙበት እጅ የትኛው ነው?»

ቀኝ እጄን አሳየኋቸው። ገበያ ላይ በሬ እንደሚመርጥ ሰው ገልብጠው አዩት።

«ደህና ነው፤ ገና ይሠራል» አሉና ለቀቁኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የጠየቁኝ ምክንያት ይህ ነው። በተመለስሁ በማግስቱ ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ሁለት ቀን ብቻዬን ቆፈርሁ። በሦስተኛው ቀን ወንዳወቅ ባጃጁን አቁሞ አካፋ አነሣ። ከዚያ የውዳሴ ባል ታደለ ከወንድሞቹ ጋር መጣ፤ በሳምንቱ አሥራ አንድ ሆንን። አስፋልቱን መታጠፊያው ላይ ከዳር እስከ ዳር ቆረጥነው። ከሥሩ ገረጋንቲ የለም። ጠጠር የለም። ጥቁር አፈርና ሣር አገኘን፤ ሣሩ እንኳ አልተነቀለም፣ ከነሥሩ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ውኃውን ቱቦ ቀብረንለት ወደ ወንዙ መራነው፤ በላዩ ድንጋይ ነጠፍን፤ ጠቀጠቅነው። መልኩ አያምርም፣ ለምረቃም አይሆንም። አምቡላንሱ ግን ካለፈው ዓርብ ጀምሮ እየተንገጫገጨ እስከ ግቢው ይወጣል። ይህንን ነው «ጉዳት» ያሉት፤ ቃሉን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ድምፁም ቀረ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልቀረም። ውኃው ከሄደ በኋላ እንዲያውም ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

ክስ መመሥረትዎ እንዳይዘገይ እማጸናለሁ። ፍርድ ቤት ስንቀርብ የርክክቡን ወረቀት ይዘው እንዲመጡም በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የእኔን ፊርማ እኔ አነባለሁ፣ የእርስዎን እርስዎ ያነባሉ፣ የእሷን ግን ማን እንደሚያነብ ዳኛው ይወስኑ።

በዚህ ዕድሜዬ ከእርስዎ ማኅተም በላይ የሚያስፈራ ነገር በየማለዳው የሚጎበኘኝ፣ ሆኖም እርስዎን ማክበር ያላቋረጥሁ፣ የከተማችሁ ታዛዥ ነዋሪ፣

ስመኘው ደረሰ
የቀድሞ ካቦ፣ የርክክብ ኮሚቴ አባል
የካቲት 11 ቀን፣ ደጋ ጽዮን

ማስታወሻ፦ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ግርጌ ላይ ለኮሚቴ አባላት በሙሉ ግልባጭ እንዲደርስ አዘዋልና፣ «ለሲስተር ያምሮት ቢያዝን» የተጻፈው ፖስታ የካቲት 7 ቀን ጤና ጣቢያው ደርሷል። ዘበኛው ለማን እንደሚሰጠው ቢጨንቀው ይዞልኝ መጣ። አልከፈትሁትም፤ የሰው ደብዳቤ ነው። በፖስታው ላይ «ከደረሰዎ ቀን ጀምሮ በአምስት ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ» የሚል ቀይ ማኅተም አለበት። አምስተኛው ቀን ነገ ነው፤ እሷም ሰዓት አክባሪ ነበረች፤ ስለዚህ ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮዎ እንዲገኙ እመክራለሁ።