በቅዳሴ መካከል አፉን ስለ ፈታው ልጄ

ለክቡር አቶ አበረ
የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀመንበርና የሥርዓት አስከባሪዎች ኃላፊ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ ይህ የነሐሴ ብርድና ጭጋግ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ ጉሮሮዎንም ሳይዘጋ እንደ ሰነበተ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ለጉሮሮዎ ጤና አብዝቼ እጸልያለሁ፤ በደብራችን ከካህናቱና ከዲያቆናቱ ቀጥሎ በቅዳሴ ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር የተፈቀደለት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎትና እንዲያ ያለው ጉሮሮ በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

ስሜን ላያውቁት ይችላሉ። እርስዎ የሚጠሩኝ «አንቺ ባለ ልጇ» እያሉ ነው፤ ክርስትናም ባይሆን ስም ነውና አልተቀየምኩም። እናትነሽ እባላለሁ፤ ከገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ ስማቸው የሚባለው ባለቤቴ ደግሞ የቀርከሃ ወንበር ይሠራል። «ባለ ልጇ» ያሰኘኝ ልጅ ምስጋናው ነው። አራት ዓመት አልፎታል፤ ድምፅ አለው፣ ቃል ግን አልነበረውም። እኩዮቹ ከእናታቸው ጋር ሲከራከሩ እሱ የሚፈልገውን በጣቱ እያሳየ «እእ» ይላል። ባሕር ዳር ወስጄው ያየችው ሐኪም ጆሮው ደኅና መሆኑን አረጋግጣ፣ «ሰው ወዳለበት፣ ወሬና ዜማ ወዳለበት ውሰጂው፤ ድምፅ ሲያወጣ ደግሞ አደራ ዝም አታሰኚው» አለችኝ። እኔም ሰውም ዜማም ያለበት ቦታ አንድ ብቻ መስሎ ስለ ታየኝ፣ አፉን እንዲፈታልኝ ለተሳልኩት ስለትም የሚቀርበኝ እሱው ስለ ሆነ፣ እርስዎ ወደሚጠብቁት ደጅ ይዤው መጣሁ። ጥፋቱ የዚያች ሐኪም ነው፤ እርስዎን ሳታውቅ ነበር የመከረችኝ።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ በፍልሰታ ጾም መግቢያ «ድምፅ የሚያሰሙ ሕፃናት ከነእናቶቻቸው ከቅጽሩ በር ውጭ ይቁሙ» የሚለውን መመሪያ በሞንታርቦ ስላስነገሩልን እናመሰግናለን። ሞንታርቦው የጽድ ዛፉ ላይ የተሰቀለው በሚያጠቡ እናቶች ራስ ትክክል ስለ ነበር፣ የተኙት ሕፃናት ሁሉ ነቅተው መመሪያውን አብረውን ሰምተዋል። «ከነአባቶቻቸው» የሚል ቃል ግን አልሰማሁም። አባቶች ልጅ እንደሌላቸው የነገሩን የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጨርቁ። አንድ ልጅ በቅዳሴ ሰዓት ጸጥ ብሎ እንዲቆም ምን እንደሚያስፈልግ እርስዎ ያውቁታል ብዬ አላስቸግርዎትም። እኔ ግን ሁሉን ሞክሬያለሁ። የቤት ቁልፍ ሰጠሁት፣ አንቃጨለው። ባለቤቴ ከቀርከሃ ትንሽ በቅሎ ሠራለት፣ ወለሉ ላይ አስጋለባት። የነጠላዬን ጥለት እንዲቋጥርና እንዲፈታ አስለመድኩት፤ ይህ ለጥቂት ጊዜ ሠራ፤ በኋላ ግን የፊት ለፊታችንን ሴት ነጠላ ከእኔው ጋር ቋጥሮት ለስግደት ጎንበስ ስንል ተጎታተትን። በመጨረሻ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ባለ ብዙ ኪስ ነገር ሰፋሁለት፤ በየኪሱ ላይ ትልልቅ የኮት ቁልፍ ተከልኩ። ምስጋናው ይቆልፋል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይቆልፋል። ድምፅ የለው፣ ኮቴ የለው። አጠገቤ የሚቆሙት እማማ እታለማሁ፣ ከገጠር በእግራቸው የሚመጡት አሮጊት፣ ጎንበስ ብለው በአውኚ ቋንቋ የሆነ ነገር ሹክ ይሉታል፤ እሱም ቁልፏን ቆልፎ ያሳያቸዋል። እኔም ከወለድኩት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንጌል ሲነበብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

እርስዎም አዩትና «መጫወቻ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይገባም» ብለው ከእጁ ወሰዱት። ልክ ነዎት። እርስዎ ዘንድ በደኅና እንደ ተቀመጠ አልጠራጠርም፤ ቁልፎቹን ፈቶ መቆለፍ ሲሰለችዎት ግን ይመልሱልኝ።

ሦስተኛውን በቁጥር ልጽፈው ስል እጄ እምቢ ስላለኝ እንዲሁ ልናገረው።

በማግስቱ የፍልሰታ እሑድ ነበር። ምስጋናው ሊቆርብ ከነጋ እህል ውኃ አልቀመሰም። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ጨርቁ ስለሌለ እጁ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ ስለዚህ ዓይኑ ዲያቆኑ ላይ፣ ጆሮው ሕዝቡ ላይ ዋለ። እኔ አፉን እያየሁ እጨነቃለሁ፤ ድምፅ ቢያወጣ ዝም እንዳላሰኘው ሐኪሟ ከልክላኛለች፣ ባላሰኘው እርስዎ አሉ። በአንድ እጄ ትከሻውን ይዤ፣ በልቤ «አፉን ፍታልኝ» እያልኩ፣ በከንፈሬ «እሽሽ» እላለሁ። አምላክ ከሁለቱ የትኛውን ይስማ? ካህኑ ጸሎቱን ሲፈጽሙ ሕዝቡ «አሜን» አለ፤ አለቀ፤ ጸጥ ሆነ። ያኔ ልጄ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ለብቻው፣

«አሜ!» አለ።

ግማሽ ነው፣ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ሙሉ ነበር። እማማ እታለማሁ አላስቻላቸውም፣ እልል አሉ። እኔ ልጄን አቅፌ ሳለ እርስዎ ደረሱ።

«ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። እዚህ ገበያ አይደለም።»

«ጋሼ፣ ተናገረ እኮ! ተናግሮ አያውቅም፣ አሁን ተናገረ!»

«መናገሩንማ ሁላችንም ሰምተናል። ውጪ። እርስዎም እማማ፣ እልልታው ገና ነው፣ አብረው ይውጡ።»

ክቡር ሆይ፣ በእውነት ላመስግንዎት። ጨርቁን ባይወስዱበት ኖሮ እጁ እንደ ልማዱ ሥራ ላይ ይሆን ነበርና አፉን ባልፈታ ነበር፤ የቃሉ መጀመሪያ እርስዎ ነዎት። መጨረሻውም እርስዎ እንዳይሆኑ ነው ይህን ሁሉ መጻፌ።

ከበሩ ውጭ ቆምን። እማማ እታለማሁ ጋቢያቸውን ገልጠው ልጄን ከውስጥ አስገቡት፤ እሳቸው ራሳቸው ጀርባቸው በሰበሰ። ቁርባን ሲደርስ የበሩን ጠባቂ ለመንኩት፤ «ያለ አቶ አበረ ትእዛዝ አልከፍትም» አለኝ። ሲከፈትልን የቆረቡት ልጆች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከእናቶቻቸው ጋር እየወጡ ነበር። ምስጋናው እነሱን አይቶ እሱም በነጠላዬ ጫፍ አፉን ሸፈነ። የቆረበ መስሎት ነው ብዬ አለቀስኩ።

ኋላ ግን የባሰ መጣ። ቤት ገብተን «ምስጋናው፣ አሜን በል የእኔ ጌታ» ስለው ወደ በሩ አየና ሁለት እጆቹን አፉ ላይ አደረገ። ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ፣ ያው ነው። ደወል በሰማ ቁጥር አፉን ይይዛል። «እእ» ማለቱን እንኳ ተወው። አባቱ በቀርከሃ ዋሽንት ሊያስቀው ቢሞክር በዓይኑ ብቻ ይስቃል። ፈልገው ያጡት ጸጥታ እኔ ቤት አለ፤ በፈለጉ ጊዜ መጥተው ይስሙት።

አማቴ «እስኪያድግ ቤት ተዪው» አሉኝ፤ ደክሞኝ ስለ ነበር ባለፈው እሑድ ለአባቱ ትቼው ብቻዬን መጣሁ። በእኛ በኩል አንድም ሕፃን አልነበረም። ከእናቶቹ ግማሾቹ ቀርተዋል። እማማ እታለማሁም አልመጡም። ሁሉ ነገር እርስዎ እንደሚወዱት ነበር፤ እኔም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጄን አጣምሬ ቆሜ አንድ ጸሎት እንኳ አልወጣኝም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በታላቅ ትሕትና አሳውቅዎታለሁ፤ በመጪው እሑድ ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ በሴቶች በኩል በፊት የቆምንበት ቦታ እቆማለሁ። እማማ እታለማሁንም እስከ ቀያቸው ሄጄ ለምኛቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል። ሌሎቹንም እናቶች ነግሬያቸዋለሁ፤ ያንን ጨርቅ የመሰለ ለእያንዳንዳቸው ልጅ እየሰፋሁ ነው። ካስወጡን እንወጣለን፤ እኔ ከእርስዎ ጋር አምባጓሮ አልገጥምም። ከማስወጣትዎ በፊት ግን እባክዎ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው የልጄን እጆች ከአፉ ላይ ያንሱልኝ። እኔ ሞክሬ አልቻልኩም። ያስቀመጡት እርስዎ ስለሆኑ ምናልባት ለእርስዎ እሺ ይል ይሆናል።

የሥልጣንዎን ዘመን ያርዝምልዎ፤ ከቅጽሩ በር ውጭ ሆኜም ከፍ ያለ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ የደጅዎ ጠኚ፣

እናትነሽ
(ባለ ልጇ)

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ በዚያ ጸጥታ መካከል የእርስዎ ስልክ ሲጮህ ሰማን። ጮኸ፣ ቆመ፣ ደግሞ ጮኸ። ማንም «ይውጡ» አላለዎትም፤ እኛም ዞር ብለን አላየንም፤ የሰው ነገር ነው፣ ያጋጥማል። የደወለልዎት ልጅዎ ከሆነ ግን፣ ስልኩን ሲያነሱ «አባባ» ብሎ ሲጠራዎት እግዚአብሔርን አመስግነውት ይሆን?