ሁለቱ ቡናማ መዝጊያዎች

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን

ለምወድህ የበኩር ልጄ፣

ሳሉ ለቀቀህ ወይ? በስልክ ስትስል የሰማሁህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት እሑድ ነው፤ እጄ ቀስ ስለሚል ገና አላለቀልኝም። በስልክ ብነግርህ ደግሞ “እሺ እማዬ፣ እሺ” ብለህ ትዘጋብኛለህ።

ኩሽናውን እያስቀባሁ ነው። ወንድምህ ካረፈ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሸሸው ነበር። ቀለም ቀቢው ወሬ የሚወድ ሽማግሌ ነው። ነጭ ይሁንልኝ ስለው፣ ነጭ ኩሽና የሚያምረው ለማያበስል ሰው ነው አለኝ። ተከራክረን ክሬም ላይ ተስማማን። ምድጃው አጠገብ የሚወለወል የዘይት ቀለም አደረገልኝ። ሌላው ግን የማያብለጨልጭ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ የግድግዳውን ጉብታ ሁሉ ያሳብቃል።

ካቢኔቱ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። አራቱ መዝጊያዎች አረንጓዴ፣ ሁለቱ ቡናማ የሆኑት ለምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት። አንተና ወንድምህ ጭራሮ እናስደስታት ብላችሁ እንደቀባችሁት፣ አረንጓዴው ሲያልቅባችሁ ከዕቃ ቤት ወረቀቱ የተላጠ ጣሳ እንዳወጣችሁ። እኔ ገብቼ እነዚህ ሁለቱ ምን ሆነው ነው ስላችሁ፣ ተያያችሁና ሳቃችሁ። “የቶቹ ሁለቱ? ሁሉም አንድ ናቸው እኮ እማዬ” አላችሁኝ። ተማክራችሁ የምትቀልዱብኝ መሰለኝ። በእናቱ የሚያላግጥ ልጅ አልወለድኩም አልኳችሁ። አንተ በማግስቱ ወደ ሥራህ ሄድክ። ጭራሮን ሳምንቱን ሙሉ ፊት ነሳሁት። በሳምንቱ መኪና ገጭቶ ወሰደብን።

ቀቢው ብሩሹን አስቀመጠ። ከልጆችዎ ቲማቲም መምረጥ የሚችል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን የሚሉት ጥያቄ ነው አልኩት።

“አልቀለዱብዎትም እኮ፣ እትዬ” አለኝ። “አላዩትም።”

ለአንዳንድ ወንዶች አረንጓዴና ቡናማ አንድ ነው አለ፤ ቀይም ይቀላቀልባቸዋል። የእሱም ወንድም እንደዚያው ነው። አብረው ቀቢ ሊሆኑ ጀምረው፣ አንድ በር ካበላሸ በኋላ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ ቀረ። ነገሩ በእናት በኩል ይመጣል ሲለኝ አባቴ ትዝ አለኝ። አያትህ ገበያ ላይ ቲማቲሙን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ነበር የሚገዛው። እናቴ ትስቅበት ነበር። ጭራሮም እንደዚያው ይጫን ነበር። አንተ ጥሬውን ይዘህልኝ ስትመጣ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

እዚያው የቀለም ጣሳ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሽማግሌው ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ። እኔ ግን ልጄ፣ ቀለለኝ። ያ ሳቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያሳድደኝ ነበር። የመጨረሻ ሳቁ በእኔ ላይ ነው እያልኩ ነበር የምተኛው። ለካ የገረመው ልጅ ሳቅ ነው። ለእሱ አሁን ይህን ልነግረው አልችልም። ለአንተ ግን እችላለሁ፤ በድያችኋለሁ፣ ይቅር በለኝ። ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን የሄድክበትን ምክንያትም አውቀዋለሁ፤ ያ ልጅ አልወለድኩም ያልኩት ቃል እርግማን ሆኖብህ ነው። አልቀየምህም።

ቀቢው ስድስቱንም አንድ ላድርጋቸው ሲለኝ አይሆንም አልኩ። ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ብቻ ደረበባቸው። ከታች በኩል ወረቀቱ ላይ፣ ቀቢው አመሳስሎ ከቀየጠልኝ ከሁለቱም ቀለም ትንሽ ትንሽ ቀብቼልሃለሁ። ምን እንደታየህ አትጻፍልኝ፤ መጥተህ ንገረኝ። ካቢኔቱ ፊት አብረን እንቆማለን። እኔ ሁለት አያለሁ፤ አንተ ወንድምህ ያየውን ታያለህ።

ደረትህን ሸፍን። የሄድክበት መንገድ ሁሉ በደህና ይመልስህ፣ ልጄ፤ የረገመህ የመሰለህ አፌ ዛሬ ይመርቅሃል።

እናትህ