የግልገሉ ረድፍ

ሰኞ፣ ጥር 18፣ ጠዋት 2፡30፤ ቢቸና

ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ቀን ጠየቀኝ። ውስጡ ያለችው ባትሪ ከሞተች ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑንም ሰዓቱንም ይረሳል። ኔት ስለሌለም ራሱን አያስተካክልም። ሞላሁለት። ከዚያ ወደ መጽሐፌ። መጽሐፍ ስልሽ፣ ደብተሬ ሆይ፣ ለየቀበሌው የእንስሳት ጤና ሠራተኞች የማዘጋጃት የመድኃኒት አሰጣጥ መምሪያ ናት።

ምዕራፎቹን ለየብቻ እጽፋለሁ። የጽ/ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ የነበረው ስንታየሁ ከመዛወሩ በፊት አንድ ፕሮግራም ጭኖልኛል። ቁልፍ ስነካ ምዕራፉን፣ ሠንጠረዡን፣ ሥዕሉን ሰብስቦ መጽሐፍ ያደርገዋል፤ ሲጨርስ «ተጠናቋል» ይላል። እግዜር ይስጠው። በእጄ ቢሆን እስካሁን የገጽ ቁጥር ስቆጥር ነበር።

ዛሬ የግልገሉን ረድፍ አረምሁ። ጋሽ ይበልጣል ያገኙት ስሕተት ነው። ምዕራፍ አራት፣ የሆድ ትል መድኃኒት ሠንጠረዥ ላይ ለግልገል የትልቅ በግ መጠን ጽፌ ኖሯል። እንዲሁ ቢታተም ግልገል ይገድላል። ጋሽ ይ. ሞጣ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ። የሳቸው ስም ሽፋኑ ላይ ካለ ሠራተኛው ያምነዋል። የኔን ማን ያውቀዋል!

ቁልፉን ነካሁ። ተጠናቋል። መጽሐፉን ፍላሽ ላይ ገልብጬ በሞጣ ሚኒባስ ላክሁላቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 20፣ 10 ሰዓት

ጋሽ ይ. ደወሉ። ሰላምታ የለም። ረድፉ እንደነበረ ነው አሉ። አርሜያለሁ አልሁ። ፕሪንት አስደርገው ፊታቸው ዘርግተውታል። ምክራቸውን ከናቅሁ ለምን እንደማስደክማቸው ጠየቁ። ስማቸውን ከሽፋኑ እንዳነሣ አዘዙ። ዘጉት።

ተናደድሁ። ሽማግሌ ሲያረጅ ዓይኑ ይደክማል ብዬ አጉረመረምሁ። ምዕራፍ አራትን ከፈትሁ፤ ታርሟል። ይኸው! ከዚያ መጽሐፉን ራሱን ከፈትሁ። አልታረመም።

«ተጠናቋል» የሚለውን አምኜ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። ማተሚያ የሚገባው ሰኞ ነው። በኔ ቸልተኝነት የሰው ግልገል ያልቅ ነበር። ጋሽ ይ. ሁለተኛ ባያነቡልኝስ? ያንን ሁሉ ገጽ፣ በዚያ ዓይናቸው። አጉረምርሜባቸው ደግሞ። አፈርሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፤ የማርያም ዕለት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንታየሁን በስልክ አገኘሁት። ብዙ አላወራም፤ ሎጉን ከላይ ጀምሬ እንዳነብ ነገረኝ። ሎግ ማለት ፕሮግራሙ የዋለበትን ሁሉ የሚጽፍበት ፋይል ነው። እሱም ለካ የዕለት ማስታወሻ አለው። እኔ እስከ ዛሬ የማየው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነበር።

እንግሊዝኛ ነው፤ ረጅም ነው። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ልተወው ብዬ ሁለቴ ተነሣሁ። ጣቴን እያስኬድሁ ጮክ ብዬ ሳነብ ግን መልክ ያዘ። የፋይሉ ስም፣ ቀኑ፣ የተደረገው ነገር። ምዕራፍ አንድ፣ ከመጽሐፉ የቆየ፣ ታልፏል። ምዕራፍ ሁለት፣ ታልፏል። ምዕራፍ አራትም ከመጽሐፉ የቆየ፣ ታልፏል። ሁሉም ታልፏል! ከመጽሐፉ ወዲህ የተነካ ምዕራፍ ስላላየ ምንም አልሠራም። ሥራ የለኝም ብሎ ጨረሰ፤ «ተጠናቋል» አለ። አልዋሸም።

ግን እንዴት ይቆያል? ሰኞ ነው ያረምሁት። ቀኖቹን አየሁ። ምዕራፍ አራት 2018፤ መጽሐፉ 2025። 2018 ትክክል ነዋ፣ ዘመኑ ነው። ሦስት ጊዜ አልፌው ሄድሁ። 2025ን የፈረንጅ ነገር ብዬ ሰደብሁት።

በአራተኛው ደነገጥሁ። 2018 ብሎ ማን ሞላለት? እኔ። በየጠዋቱ የኛን ዓ.ም.፣ የኛን ወር፣ ሰዓቱን ሳይቀር በኛ እየቆጠርሁ። መጽሐፉ የተሠራው ታኅሣሥ ላይ፣ ባትሪዋ በሕይወት እያለች፣ በፈረንጅ ቀን ነው። የሰኞ እርማቴ ለሱ ከመጽሐፉ ሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው!

ብቻዬን ሳቅሁ። ተመስገን። የጠፋብኝን የምፈልግበት ቦታ፣ ሎጉን፣ አገኘሁ።

አርብ፣ ጥር 22፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ቀኑን በፈረንጅ አስተካከልሁ። ነካሁ። አሁንም ታልፏል! ሎጉን ከላይ ጀመርሁ፤ ፋይሎቹ የድሮ ቀናቸውን እንደያዙ ናቸው። እያንዳንዱን ከፍቼ እንደገና ሴቭ አደረግሁ። ነካሁ። ምዕራፍ አራት፣ አዲስ፣ እንደገና ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል መስመር አንብቤ አላውቅም።

መጽሐፉን ከፍቼ ረድፍ በረድፍ በማስመሪያ አየሁ። የግልገሉ ትክክል ነው። ለጋሽ ይ. ብደውል አያነሡም። ነገ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፤ ሞጣ

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው እስኪሞላ ገተረን። ስደርስ ጋሽ ይ. በረንዳቸው ላይ ናቸው። አስገቡኝ፣ ብዙም አላዋሩኝም። ይቅርታ ጠየቅሁ። የዘመን አቆጣጠሩን ታሪክ ነገርኋቸው፤ ይስቃሉ ብዬ። አልሳቁም። የግልገሉን ረድፍ አነበቡ። ደገሙት። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ከዚያ ነገሩኝ። ሥራ በጀመሩበት ዓመት ለአንድ አባወራ ግልገሎች የትልቅ በግ መጠን ሰጥተዋል። ሲነጋ ሞተው ተገኙ። ሰውየው በሽታ ነው አለ፤ እሳቸውም በሽታ ነው አሉ። ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም። ያችን ረድፍ ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ እነዚያ ግልገሎች ትዝ አሏቸው። የተቆጡት በኔ አልነበረም።

አለቀስሁ።

ስማቸውን እንድመልስ ፈቀዱ። ግን ከሠንጠረዡ ሥር ይህ ታሪክ እንዲጻፍ ፈለጉ። እንቢ አልሁ፤ ስምዎ ይጎዳል አልሁ። አባወራው ሞቷል፤ ልጁ ግን ዛሬ የቀበሌ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነው፤ መጽሐፉ እጁ ይገባል። ጋሽ ይ. ይህን እያወቁ ነው። «ሰው ስሜን ማመኑ ለዚህ ካልጠቀመ፣ ለምን ሊሆነኝ ነው ልጄ?» አሉኝ።

እሑድ፣ ጥር 24፣ 9 ሰዓት፤ ቢቸና

ወሰንሁ። እጽፈዋለሁ። ከሳቸው ሥር የራሴንም፤ አዘጋጇ ይህችን ረድፍ እንደተሳሳተች ሁለት ጊዜ ልካታለች ብዬ። ሰው ይሳቅብኝ። እኒህን ሰው የሰጠኝ አምላክ ይመስገን፤ ሳይሰለቹ ባያነቡልኝ ምን ይውጠኝ ነበር።

የጻፍሁትን በስልክ አነበብሁላቸው። «ጥቂት ግልገሎች ሞቱ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልሁ።

ሰባት ነበሩ አሉ።

ሰባት ብዬ አረምሁ።